ምሽግ ድረስ የመጣው የበግ ላት

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ቃሬዛ ትከሻ ላይ አይከብድም፤ የሚከብደው በኋላ፣ ቤት ከገቡ ወዲያ ነው።

ትእዛዙ የደረሰን ከሰዓት በኋላ ነበር። «ጓዛችሁን አጥብቁ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ እንንቀሳቀሳለን» ተባልን። ወዴት ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ቢጠየቅም የሚመልስ የለም። ተጓዝን፣ ተጓዝን፣ ጎህ ሲቀድ አንድ ጉብታ ላይ ወጣን። አናቱ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ካርታው ላይ ቁጥር ነበረው፤ እኛ ግን በቁጥሩ ጠርተነው አናውቅም። ጓዳችን ጉታ ጫፉ ላይ ቆሞ ወደ ጎድጓዳው ቁልቁል አየና፣

«ወንጪ ነው እኮ! ሐይቁን ማን ጠጣው?» አለ።

ሳቅን። መቶ ከምንላት የጦር ክፍላችን ብዙዎቻችን የምዕራብ ሸዋ ልጆች ነበርን፤ ከአምቦ፣ ከጉደር፣ ከጊንጪ። ወንጪን የማያውቅ የለም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያ ጉብታ ለእኛ «ደረቁ ወንጪ» ሆነ።

እናንተ ልጆች ጦርነቱ እንዴት ነበር፣ ማን አሸነፈ እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እሱን የሚጽፉ ሰዎች አሉ። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ደረቁ ወንጪ፣ ስለ ሁለት በርሜል ውኃና ስለ አንድ ዕቃ የበግ ላት ነው። ሌላውን ብረሳ ይህን አልረሳም። ደግሞ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ቃሌ ሻካራ ከሆነባችሁ ለዚያ ነው።

የመቶዋ ሕክምና ረዳት ነበርኩ። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አጭር ሥልጠና ሰጥተው ቦርሳ ያሸከሙኝ ሴት ነኝ። ስለ ቃጠሎ የተማርነው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ብዙ፣ ሳይቸኩሉ። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ። ከዚያ ወደ ሐኪም። አሠልጣኛችን «ቅቤ አትቀቡ፣ ስብ አትቀቡ፣ ምንም አትቀቡ» ስትል ሠልጣኙ ሁሉ ሳቀባት። እውነት ነው፣ በእኛ አገር ተቃጥሎ ቅቤ ያልተቀባ ማን አለ? አምቦ ቅቤ ነው፣ ደጋው የበግ ላት ነው፣ አንዳንዱ የጃርት ሞራ ይላል፣ አንዳንዱ የዘንዶ። በስቡ ዓይነት ይከራከራሉ እንጂ በአንድ ነገር ሁሉም ይስማማሉ፦ እሳት የነካውን ሰው ውኃ ማስነካት አይገባም። ውኃ ካገኘው ይቋጥራል ይላሉ።

ጉታን ላስተዋውቃችሁ። የጎጆ ልጅ ነው። ጎጆ ጄልዱ ውስጥ ያለ ብርዳም ከተማ ነው፤ ከአምቦ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ወገብ ይሰብራል፣ ሲደርሱ ግን ገብስና ድንች፣ በግም እንደ ጉድ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ልጅ ነበር። «ድንች» ነበር የምንለው።

«አንተ ድንች፣ ተነሥ፣ ጥበቃ ተራህ ነው!» ይለዋል የጊንጪው በላይ።

«እኛ ድንች ባናወርድላችሁ እናንተ የታች አገር ሰዎች በጾም ምን ትበሉ ነበር?» ይላል ጉታ ቦት ጫማውን እያሠረ። «አንተን ራስህን ያሳደገህ የጎጆ ድንች ነው፣ አመስግን!»

እናቱ ሲሸኙት አንድ ዕቃ ሰጥተውት ነበር። አዴ ጫልቱ ነው የምንላቸው፤ በእኛ አገር ትልቅ ሴት አዴ ትባላለች። ዕቃው ድሮ የፀጉር ቅባት የነበረበት፣ ክዳኑ ቀይ የሆነ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ የበግ ላት፤ የጅራቱን ስብ ለስለስ ባለ እሳት አቅልጠው፣ አጥልለው፣ ጦስኝ ጣል አድርገውበት አቀዝቅዘውታል። ጉታ ለተሰነጠቀ ከንፈሩ ይቀባዋል፣ ለእኛም ተረከዝ ያካፍለናል፤ ደስ ሲለው ክላሹንም ይወለውልበታል። እናቱ ግን የሰጡት ለሌላ ነው። «እሳት ከነካህ ቶሎ ይቺን፤ ውኃ እንዳታስነካው» ብለውታል። ይህን ሲነግረን ድምፃቸውን እያስመሰለ ነበር፣ እየሳቅን ሰማነው።

ደረቁ ወንጪ ላይ ውኃ በአህያ ነበር የሚወጣው። ሁለት በርሜል ጎድጓዳው ውስጥ ሸራ ለብሰው ቆመዋል። የሚሰፍረው ሃምሳ አለቃ ደጀኔ ራሱ ነው፤ ለአንድ ሰው በአንድ ጣሳ። እኔ ጣሳዬን ስዘረጋ አንድም ቀን ሳይረሳ፣

«የአምቦ ልጅ፣ ጋዝ ያለው ነው የሌለው?» ይለኛል።

ደጀኔ የጉደር ሰው ነው፣ በዕድሜ ከሁላችን ይበልጣል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ ስቆጣበት እንዳትጠሉት ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ ፋሻ እያለቀ ነበር። ገና ጉብታው ላይ እንደወጣን በሬዲዮ ጠይቀናል፤ ፋሻ፣ ግሉኮስ፣ የቃጠሎ መሸፈኛ። «ደርሶናል፣ ይላካል» አሉን። ደግመን ጠየቅን። «ይላካል» አሉን። በየቀኑ ስጠይቅ የሬዲዮው ልጅ ገና ሲያየኝ «ይላካል» እያለ ይቀልድብኝ ጀመር።

አንድ ቀን ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጉታ፣ በላይና ሾፌሩ አበራ ያን ቀን ቤንዚን ብቻ ይዞ ከመጣ መኪና ላይ ጄሪካን ያወርዳሉ፤ ለሬዲዮው ጄኔሬተር ነው። አንድ ሞርታር ከኋላችን ወደቀ። ሁለተኛው ከፊት። «ተኙ!» አለ አንድ ሰው። ሦስተኛው መኪናው ላይ።

ድምፁን አላስታውስም። ሙቀቱን አስታውሳለሁ። ከምሽጉ ወጥተን ሮጥን። አበራን ከሚነደው መኪና ጎትተን አወጣነው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን አፈር ላይ አንከባለልነው። ጉታ በራሱ እግር እየመጣ ነበር። ደረቱ፣ አንገቱ፣ ሁለት ክንዱ። ሸሚዙ የት እንደገባ አላውቅም። በላይ ማንንም አልጠበቀም፤ እየጮኸ ሮጦ ሸራውን ገፎ የተቃጠለ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ በርሜሉ ውስጥ ነከረ።

«አንተ! የምንጠጣውን!» ብሎ ደጀኔ ጮኸበት።

«እናትህ ትጠጣው!» አለ በላይ። ሃምሳ አለቃውን እንዲህ ብሎ የተናገረ ሰው ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። እጁን አላወጣም።

እኔ ጉታን በቀበቶው ይዤ ወደ ሁለተኛው በርሜል እየጎተትኩት ነበር። ደጀኔ መጥቶ በመሃላችን ቆመ።

«ውኃ እናፍስበት ሃምሳ አለቃ! ቶሎ!»

«አብደሻል? በቃጠሎ ላይ ውኃ? ይቋጥራል፣ ይገሸለጣል! ልጁን ልትገድይው ነው?»

«የተማርነው እንዲህ ነው!»

«አንቺ ትናንት ተማርሽ። እኔ ልጆች አሳድጌአለሁ፣ ስንቱን ተቃጥሎ አይቻለሁ። ደግሞ ይህን ደፍተሽ ነገ መቶዋ ምን ልትጠጣ ነው?»

ገፋሁት። ጠበንጃ የያዘን ሰው፣ አለቃዬን፣ በሁለት እጄ ገፋሁት። ሁለት ጓዶቼ ከኋላ መጥተው ክንዴን ያዙኝ። ጠልተውኝ አይደለም፤ እነሱም እናት ያሳደጋቸው ናቸው፣ እናታቸው የቀባችውን ያውቃሉ። ደጀኔ የጉታን ቦርሳ ከምሽጉ አስመጣ፤ ባለ ቀይ ክዳኑን ዕቃ ከፈተ። በዚያ አፈርና ባሩድ በነካ እጁ ዝቆ ዝቆ ቀባው።

ጉታ እስከዚያ ይጮህ ነበር። የጦስኙ ሽታ ሲደርሰው ዝም አለ። ዓይኑን ገለጠና «አዮ» አለ። እማዬ ማለቱ ነው። ሽታው የቤታቸው ሽታ ነው። ከዚያ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ጭንቅላቱን ደጀኔ ጉልበት ላይ ጣለ።

ደጀኔ ቀና ብሎ አየኝ።

«አየሽ?» አለኝ።

ስንት ጥይት በላዬ አልፏል፣ ስንት ስድብ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያች «አየሽ?» ያቃጠለኝ የለም። ሁሉም አምነውታል። ዝም ስላለ ዳነ ብለዋል። ጓዶቼ ክንዴን ለቀቁኝ፣ አንደኛው እንዲያውም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እንደ ተሸነፈ ሰው።

በሬዲዮ አምቡላንስ ጠየቅን። «በመንገድ ላይ ነው» አሉ። አበራ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ። እንደገና ጠየቅን። «በመንገድ ላይ ነው።» በማግስቱ ተኩሱ ቀኑን ሙሉ አልበረደም። ከበርሜሉ እየቀዳን ጠጣን፤ በላይ እጁን የነከረበትን ጭምር ጠጣነው፣ ማንም አልሞተም። የጉታ ገላ ላይ ግን ስቡ አቧራውን ሰበሰበ። የብርድ ልብሱን ጸጉር ሰበሰበ፤ ዝንብም ጠራ። ለመሸፈን የነበረኝን ፋሻ ለበላይ እጅና ለጉታ አንገት አካፈልኩ፣ አለቀ። ትኩሳቱ ወጣ። በማንኪያ ውኃ እሰጠዋለሁ፣ ይመልሰዋል። «በመንገድ ላይ ነው» አለ የሬዲዮው ልጅ፤ አሁን አይቀልድም፣ ያለቅሳል።

አምቡላንሱ አልመጣም። ተኩሱ ፋታ ሲሰጠን በቃሬዛ ተሸክመነው ወረድን፤ አራት ሰዎች፣ እኔ ከፊት በቀኝ። በላይ የታሸገ እጁን ወደ ላይ ይዞ ከጎናችን ይሄዳል። መንገዱ ላይ ቆመን ትከሻ ስንቀይር ጉታ፣

«ድንች ጭናችሁ ገበያ የምትወርዱ ትመስላላችሁ» አለ።

«ዝም በል፣ ትረክሳለህ፣ ርካሽ እንሸጥሃለን» አለው በላይ። ጉታ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቁ መሆኑን ያወቅነው እኛ ብቻ ነን።

የሕክምና ድንኳኑ ደረስን። አንዲት ነርስ ጨርቁን ገልጣ አየችና፣ «ይህን የቀባው ማነው?» አለች። የቁስሉን ጥልቀት ለማየት ያንን ስብና ጭቃ ማጠብ ግድ ነበር። ጭንቅላቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስቡ ብቻውን አልተነሣም። ድምፁን አልጽፍላችሁም፤ ይኼ ለእኔ ይቅር።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈ።

ከድንኳኑ ስወጣ ከኋላ መጋዘን ነበር። በሩ ክፍት ነው። ውስጡ እስከ ጣራ ካርቶን ተደርድሯል። ፋሻ። ግሉኮስ። የቃጠሎ መሸፈኛ፣ ማሸጊያው ሳይከፈት። አንድ ሰው አንዱ ካርቶን ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ይገርማችኋል፣ መጀመሪያ የታየኝ ሻዩ ነው፤ ስኳር እያማሰለ ነበር።

«ይህን ለምን አልላካችሁልንም?» አልኩት።

«መኪና አልነበረም እህቴ።»

«እኛ በእግራችን ወርደን መጣን እኮ! ሰው ተሸክመን!»

«እኔ ምን ላድርግ? ፈርመው ካልወሰዱ አላወጣም።»

ብርጭቆውን ከእጁ መታሁት። ሦስት ሰዎች ጎትተው አወጡኝ፤ በኋላም ተቀጣሁበት፣ አይቆጨኝም። አንዲት የጎጆ እናት፣ ማንበብ የማይችሉ፣ ያላቸውን መድኃኒት በባዶ ዕቃ አድርገው ከጄልዱ ብርድ እስከ ምሽጋችን አድርሰዋል። የእኛ ፋሻ ያን ጉብታ መውጣት አቃተው። በላቱ ብቻ እንድቆጣ የሚፈልግ ሰው ካለ አልሆንለትም። ላቱ ባይቀባ ጉታ ይተርፍ ነበር ብዬም አልምልም፤ ቃጠሎው ከባድ ነበር። ግን ውኃ ነበረን። በርሜሉ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

ደረቁ ወንጪን ለሌላ መቶ አስረክበን ስንወርድ ተቆጠርን። አሥራ አንድ ሰው ጎድሎናል። ዘጠኙ በጥይትና በፍንጣሪ፣ ሁለቱ በእሳት። ስማቸው ሲጠራ ደጀኔ «አቤት» በሚባልበት ቦታ ላይ በእያንዳንዱ «የለም» አለ። ጉታ ላይ ሲደርስ ሌላ ሰው አለለት።

የበላይ እጅ ዳነ። ሁለት ጣቱ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፤ ጊንጪ ላይ ብረት በር ይሠራል። ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ ሐኪሞቹ ጠባሳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት ቀባው ብለውታል፣ እሱ የሚቀባው የበግ ላት ነው። የተዘጋ ቆዳ ሌላ፣ የተከፈተ ሌላ። እኔ ከላት ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቡ የመጣው አምቦ ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ከሠራዊቱ ወጥቼ ሽንኩርት ልገዛ ስዞር አንድ ሰውዬ ጠርሙስ ደርድሮ ይጮኻል፦ «የዘንዶ ሞራ! ለቁርጥማት፣ ለቃጠሎ! ግንባር ላይ ወታደሩ ሁሉ የዳነበት!»

እግሬ ቆመ።

«የትኛው ወታደር?» አልኩት።

«ግንባር የነበረው ነዋ እህቴ።»

«እኔ ግንባር ነበርኩ። የዳነውን ስሙን ንገረኝ።»

«አንቺ?» አለና ወደ ሰዉ ዞረ። «ለማን ነው ወጥ የሠራሽው?»

ሰዉ ሳቀ። ጠርሙሱን አንሥቼ ከፍቼ አሸተትኩት።

«ይኼ ዘንዶ ሽንኩርት ሲጠበስበት የኖረ ነው!» አልኩ። አሁን ሰዉ በሱ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ አንዲት ሴት አንዱን ጠርሙስ ገዝታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር። ቤቷ ትንሽ ልጅ ተቃጥሎባታል። ውኃ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጤና ጣቢያ፣ ዛሬውኑ አልኳት። ፊቷ ላይ አለማመኗን አየሁት።

«ጎጆ ያሉት እናትስ?» አለችኝ። «ዘማች ልጃቸውን ከሥቃይ ያሳረፈው የሳቸው ላት ነው ይባላል። ሰው ከየትም እየሄደ ይወስዳል።»

ደጀኔ ነው። ለቅሶ ሄዶ ለአዴ ጫልቱ እንዲህ ነግሯቸዋል፦ የእርስዎ ላት አሳረፈው። ሌላ ምን ይበል? ልጅ የሞተባት እናት ፊት ተቀምጦ ሌላ ምን ይወጣዋል? አዴ ጫልቱም ያቺን ቃል ይዘው ቆሙ። ከልጃቸው የቀረላቸው እሷ ናት። ለተቃጠለ ሁሉ፣ በነጻ፣ በጉታ ስም ይሰጣሉ።

በሚቀጥለው ቀን ጎጆ ሄድኩ። መንገድ ላይ አሥር ጊዜ ልመለስ አስቤአለሁ።

አዴ ጫልቱ ሳሙኝ፣ አገላብጠው ሳሙኝ። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ደህና ነሽ ወይ ልጄ። ትኩስ ድንች ከሚጥሚጣ ጋር አቀረቡ። መደርደሪያው ላይ ባለ ቀይ ክዳን ዕቃዎች ተደርድረዋል። ቤቱ ጦስኝ ጦስኝ ይላል።

«ስትቀቡት አለቀሰ?» አሉኝ። ይህን የሚጠይቁት ሰው አጥተው የኖሩ መሆኑ ያስታውቃል።

«አላለቀሰም። ሽታውን አወቀው። አዮ አለ።»

ዓይናቸው ሞላ። «ተመስገን» አሉ። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን የገበያዋ ሴት ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ፤ አይቼው የማላውቀው ልጅ።

«አዴ፣ ዝም አለ እንጂ አልዳነም። ሐኪም ቤት ሲያጥቡት ያን ጊዜ አለቀሰ። ስቡ ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ነበር። መጀመሪያ ውኃ ነበር የሚያስፈልገው። ውኃም ነበረን።»

ሙቅ ድንች ይዘው ነበር፣ ሰሃኑ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ደጀኔ ዋሸኝ?»

«አልዋሸም። እሱም እንደዚያ ነው የሚያምነው።»

«እኔ ነኝ ውኃ አታስነካው ያልኩት። እኔ ነኝ የነገርኩት።»

«እርስዎ የሚያውቁትን ሰጡት። የሚያውቁት ሰዎች ያላቸውን አልሰጡትም። እኔ የተናደድኩት—»

«ውጪልኝ» አሉኝ።

«አዴ—»

«ልጄን ሁለተኛ ገደልሽው። ውጪልኝ።»

ወጣሁ። በብርዱ እስከ መናኸሪያው ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው አልገባሁም፣ እሳቸውም አላስጠሩኝም። ልክ ሠራሁ ወይስ አልሠራሁም እያልኩ ብዙ አሰብኩ፤ እስካሁን አንዱን አልያዝኩም።

የቀረውን ያየው በላይ ነው። ለጉታ ሙት ዓመት ጎጆ ሄዶ ሳለ የጎረቤት ልጅ ላይ የድንች ቅቅል ድስት ተገለበጠባት፣ ክንዷ ላይ። እናቷ አቅፋት እየጮኸች መጣች፤ «ላቱን! አዴ፣ ላቱን!» አዴ ጫልቱ ከምንጭ የመጣ ጄሪካን በሩ ላይ ነበራቸው። ልጅቷን ተቀብለው ዱካ ላይ አስቀመጧት፣ ክንዷን ዘርግተው ውኃውን በቀስታ አፈሰሱበት። እናቷ «ይቋጥርባታል!» እያለች ልትነጥቃቸው ስትል በክርናቸው መለሷት። ጄሪካኑ አለቀ። ሁለተኛ አስመጡ። እሱም ሲያልቅ የታጠበ ነጠላቸውን አውጥተው ክንዷን ሸፈኑላት፣ ልጅቷን ራሳቸው አዝለው ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ላቱ መደርደሪያው ላይ ነበር። አላወረዱትም።